ያልተጨመረች ቀለም

ሞጣ፣ መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለወዳጄ ለማሚቶ፣ ቢቸና።

እንዴት ከረምህ? ክረምቱስ እንዴት አለፈልህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናቴም ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ አልታዘዝ ብሏታል።

በበቅሎ ነጋዴው በጓዴ እጅ የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። የኔታ ገብረ ክርስቶስ ዐረፉ የሚባለው እውነት ነው ወይ ላልኸኝ፣ እውነት ነው። በፍልሰታ ሱባኤ መካከል ዐረፉ። ሳልነግርህ የቀረሁት ዝናቡ መንገድ ስለ ዘጋ ነው ብል ታምነኛለህ፤ ስለዚህ ዝናቡ ነው ብያለሁ።

ወንበራቸውን ማን ያዘው ላልኸኝ ደግሞ፣ ገና ማንም አልያዘውም። ተማሪዎቹን እስካሁን የማስተምረው እኔ ነኝ። የደብሩ አለቃ ግን ወንበሩ የሚገኘው በቅኔ ነው ብለዋል። የኅዳር ሚካኤል ዘንድሮ እሑድ ይውላል። በዚያ ዕለት እኔና ገብረ ሕይወት የሚባል የደብረ ኤልያስ ሰው በማኅሌቱ ላይ መወድስ ቅኔ እናቀርባለን። ሊቃውንቱ የመረጡት ወንበሩን ይወስዳል። የመምህሩ ቤትም ከወንበሩ ጋር ነው የሚሄደው። አሁን እኔና እናቴ የምንኖረው እዚያው ቤት ውስጥ ስለሆነ ወንበሩ ካመለጠኝ አሮጊቷን ይዤ ሜዳ ላይ መውደቄ ነው።

ገብረ ሕይወት ቅኔ አያውቅም። ምላሱ ግን ቅቤ ነው። የእኔን ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ። ከተማሪ ጋር ስሆን ይታዘዘኛል፤ ሰው ሲበዛ ይከዳኛል። ከከንፈር በሚወጣ ፊደል የሚጀምር ቃል ሁሉ ጠላቴ ነው። ሌላው ሰው ቅኔ ሲቆጥር መጀመሪያ ምሥጢር ይፈልጋል፤ እኔ መጀመሪያ የማይዘኝን ቀለም እፈልጋለሁ። በየቅኔው ቤት መግቢያ ላይ ከጉሮሮና ከጥርስ የሚወጡትን ቀለማት ደርድሬ ምሥጢሩን ከኋላ አስገባለሁ። ዘንድሮ ግን ማምለጫ የለኝም፤ በዓሉ የሚካኤል ነው። ሚካኤልን ሳልጠራ ልለፍ ብል መልአክ ማለት ይኖርብኛል፤ እሱም ከከንፈር ነው። የገብርኤል በዓል ቢሆን ኖሮ፣ እሱ ከጉሮሮ ይጀምራልና፣ ማንንም አልለምንም ነበር።

ስለዚህ መጥተህ እንደ ድሮው ተቀባይ ሁነኝ። እኔ የቅኔውን ቤት በቃሌ አወጣለሁ፤ አንተ ከአፌ ተቀብለህ በዜማ ለሕዝቡ ታሰማለህ። ምላሴ ሲያዝ መቋሚያዬን ከመሬት አነሣለሁ፤ አንተ ከዚያው ላይ ነጥቀህ ቃሉን ሞልተህ ትሄዳለህ። በተማሪነታችን ዘመን ያን ሁሉ ዓመት ማንም አልነቃብንም። ድምፅህን እግዚአብሔር የሰጠህ ለዚህ ይመስለኛል፤ ሌላ ነገር አልሰጠህምና።

እናቴ ሰላም ብላሃለች። ጥጥ እየፈተለችልህ ነው። ጋቢ ላሠራለት ብላ በአሮጊት ዓይኗ እንዝርት ስታሾር ትውላለች። ተይ ብላት አልሰማ ብላኛለች።

ወንድምህ አካለ ወልድ

⁂

ቢቸና፣ ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአካለ ወልድ፣ ሞጣ።

ሰላም ለአንተ ይሁን። እማማ ወለተ ሥላሴን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ሚስትም ልጅም ስለሌለኝ የሚታመምብኝ የለም።

ጓዴ ወረቀትህን ይዞ ገበያ መካከል ቆሞ «ማሚቶ የሚባል ሰው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ አሉ። ሽንኩርት የምትሸጠዋም፣ በግ የሚጎትተውም፣ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ቤቴ ዘረጋ። መሪጌታ ወልደ ሰንበት ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ሲዞር ታገኘው ነበር። እንግዲህ ያወጣኸው ስም ከአንተ ቀድሞ ቢቸና ገብቷል ማለት ነው።

እንዴት እንዳወጣኸው ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። አንተ አንድ ቤት ስታወጣ አንድ ቀለም ጎደለብህ። ዜማው ሊሰበር ሲል እኔ ከራሴ አንዲት ቀለም ጨምሬ ሞላሁት። ክፋት አላሰብሁም፤ አፌ ላይ መጣችልኝ፣ አልኋት። የኔታ ቀና ብለው «ይህች ቀለም ከየት መጣች? ቅኔውን ያነሣችው እሷ ናት» አሉ። አንተ ፊትህ ጠቆረ። ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት «የገደል ማሚቶ ከራሱ አይናገርም፤ የጮኸ ሰው አለ፣ እሱ ይመልሳል» አልህ። ሳቁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው እንኳ በስሜ አልጠራኝም።

የካሰችን ነገር ሰምተሃል? ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ «ልጄን ለማሚቶ አልድርም፤ የሚወልደውም ማሚቶ ነው» ብለው መለሱልኝ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ እየሳቁ ነበር። አባቴ ሲቀበር ፍትሐቱን ሳዜም ከወደ ኋላ አንዱ ባለጌ የመጨረሻዋን ቀለም እየተከተለ ደገማት። የአባቴ ሬሳ ፊት ነው የምልህ።

እመጣለሁም አልመጣምም አላልሁም። እንድመጣ ከፈለግህ ሁለት ነገር አድርግልኝ። ይቅርታ ጠይቀኝ። ደግሞም በሊቃውንቱ ፊት ተቀባይህ ማነው ሲሉህ «መሪጌታ ወልደ ሰንበት ነው» በል። ሌላ የምጠይቅህ ነገር የለም።

ወልደ ሰንበት

⁂

ሞጣ፣ ጥቅምት ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለወዳጄ።

በመጀመሪያ ሰላም እልሃለሁ። ያልኸውን ሁሉ አንብቤአለሁ። ይህን ያህል ዘመን እንዲህ ያለ ቂም በሆድህ ይዘህ መዞርህን አላውቅም ነበር፤ በሆድህ ውስጥ የራስህ የሆነ ነገር መኖሩን ያወቅሁትም ገና አሁን ነው።

ይቅርታ ጠይቀኝ ላልኸኝ፣ እሺ፣ ይቅርታ። ካሰችን በተመለከተ ግን በእኔ አታላክክ። አባቷን አውቃቸዋለሁ፤ ስም አይተው የሚከለክሉ ሰው አይደሉም፣ በሬና መሬት ነው የሚያዩት።

ስምህን በሊቃውንቱ ፊት ስለ መጥራት፣ እስቲ አስበው። «ወ» ከከንፈር ነው። ገና ቅኔዬን ሳልጀምር «ወ፣ ወ» እያልሁ አለቃው ፊት ስንተባተብ ልታየኝ ነው የምትፈልገው? ይህን ያህል አትጨክንብኝም።

ቅኔው ጥሩ ይሆን ወይ ብለህ አልጠየቅኸኝም፤ እኔው ልንገርህ። ስምንቱም ቤት አልቋል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ አልቆጠርሁም። ስለዚህ እለምንሃለሁ፣ አዝዝሃለሁም፤ ከራስህ ምንም እንዳትጨምር። ቀለም ጎደለ ብለህ አትሙላ፣ በዛ ብለህ አትቀንስ። የጎደለ ቢመስልህ ያጎደልሁት አውቄ ነው። ከአፌ የወጣውን፣ የወጣውን ብቻ ተቀበል። ያቺን የዛፍ ሥሯን ቀለም እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋትም። የኔታ እስኪሞቱ ድረስ ቅኔዬ በተነሣ ቁጥር ያቺን ነበር የሚያነሡት። ስምንት ዓመት ሙሉ የእኔን ቅኔ ሰምተው፣ ሞት አፋፍ ላይ ሆነው የጠየቁኝ ያች የአንተ ቀለም የገባችበት ቤት እንዴት ነበር ብለው ነው። ይህንን ነው ዝናብ ብዬ የደበቅሁህ።

አሁን ነገርሁህ። ደስ ይበልህና ና። እናቴ ፈትሉን ጨርሳ ለሸማኔ ሰጥታለች። ልጄ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ታስቸግረኛለች። ልጄ የምትለው አንተን ነው።

አካለ ወልድ

⁂

ቢቸና፣ ጥቅምት ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአካለ ወልድ።

እመጣለሁ። በዋዜማው እደርሳለሁ፤ ለእማማ ንገራቸው።

ትእዛዝህን ተቀብያለሁ። ከአፍህ የወጣውን፣ የወጣውን ብቻ። አልጨምርም፣ አልቀንስም። በቃልህ እገኛለሁ።

ስሜን ስለ መጥራት ያልኸው ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ማሚቶም እኮ ከከንፈር ነው የሚወጣው። እሱን ስትል ግን አንድ ቀን ተይዘህ አታውቅም።

ወልደ ሰንበት

⁂

ቢቸና፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለአካለ ወልድ።

ወረቀትህ ደረሰኝ። አንዲት መስመር ናት፤ ሰላምታም የላት። ለምን አደረግኸው ብለህ ጠይቀኸኛል። በድሮ ጊዜ አንድ ነገር ለምን እንዳደረግሁ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ስለዚህ በደስታ ነው የምመልስልህ።

ስመጣ ልቤ ሁለት ነበር። ይህን ብታምነኝም ባታምነኝም ግድ የለኝም። እማማ በዋዜማው እጄን ይዘው «የኔ ልጅ፣ ነገ እንዳታሳፍረው አደራህን» ሲሉኝ አንዱ ልቤ አሸንፎ ነበር። እንደ ድሮው ልሞላልህ ወስኜ ነው ቤተ ክርስቲያን የገባሁት።

አለቃው በመቅደሱ በር ቆመው «ተቀባይህ ማነው?» አሉህ። አንተም «ማሚቶ ነው» አልህ። ሳትያዝ፣ ቀለሟ እንደ ውኃ ፈሰሰች። የሞጣ ካህናት ሳቁ፤ ገብረ ሕይወት ሳቀ፤ አለቃው እንኳ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሞጣ ውስጥ ይህን ስም የሚያስታውስ አልቀረም ነበር። እዚያም መልሰህ አገባኸው።

እንግዲህ ቆምን። አንደኛውን ቤት አወጣህ፣ ተቀበልሁህ። ሁለተኛውን አወጣህ፣ ተቀበልሁህ። ቅኔው እውነትም ግሩም ነበር፤ ሊቃውንቱ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። ገብረ ሕይወት መሬት መሬት ያይ ነበር። ሦስተኛው ቤት ላይ ሚካኤል ዘንድ ደረስህ። ከንፈርህ ገጠመ፣ መቋሚያህ ተነሣ። «ሚ» አልህ። ቆየህና «ሚ፣ ሚ» አልህ። በድሮው ጊዜ የመጀመሪያዋን ስሰማ የቀረውን ከራሴ ሞልቼ እሄድ ነበር። ከራስህ አትጨምር ብለኸኛል። አልጨመርሁም። «ሚ፣ ሚ፣ ሚ» ብዬ በሙሉ ድምፄ፣ እንደ ማርያም ምስጋና አሳምሬ፣ እያንዳንዷን ቀለም በተገቢ ዜማዋ አሰማሁ። ዓይኖችህ ወደ እኔ ዞሩ። አፍህ ይበልጥ ታሰረ። ይበልጥ በታሰረ ቁጥር ይበልጥ ሰጠኸኝ፤ የሰጠኸኝን ሁሉ ተቀበልሁ። ሕዝቡ መጀመሪያ አዲስ ዜማ መስሎት አዳመጠ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

በእግዚአብሔር ቤት እንዲህ ይደረጋል ወይ ትለኝ ይሆናል። የአባቴ ፍትሐትም የተደረገው በእግዚአብሔር ቤት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልጠበቅሁም። ሰው ሁሉ ሲስቅ በሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት ብቻዋን እልል አለች። ድምፃቸውን አወቅሁት፤ እማማ ነበሩ። አንተ ስትንተባተብ ከሕፃንነትህ ያውቁታል፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በዜማ ሲነገር ሰምተው ምን እንደ መሰላቸው አላውቅም። እስኪያንቃቸው ድረስ እልል አሉ። ያ ድምፅ እየተከተለኝ ነው ቢቸና የገባሁት።

ወንበሩ ለገብረ ሕይወት ተሰጠ ሲሉ ሰማሁ። ያዘዝኸኝን ስለፈጸምሁ ቅር እንዳትሰኝ።

ወልደ ሰንበት

⁂

ቢቸና፣ ታኅሣሥ ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአካለ ወልድ።

እንዴት ሰነበትህ? ይህ ሦስተኛ ወረቀቴ ነው። ጓዴ ሁለቱንም በእጅህ እንደ ሰጠህ ምሎልኛል፤ ስለዚህ አልደረሰኝም አትለኝም።

ጓዴን እማማ እንዴት ናቸው ብዬ ብጠይቀው ዓይኑን አዞረ። የመምህሩን ቤት ለቅቃችሁ ከገበያው በታች ያለ የበግ ጎረኖ ጥግ ተጠግታችኋል አለኝ፤ ጣራው ያፈሳል፣ ግድግዳው ጭቃ አልተመረገም አለኝ። እኔ ሞጣ ያለ ሰው ሁሉ ይጠላኛል ብዬ እንጂ እማማ ብርድ ላይ ይወድቃሉ ብዬ አላሰብሁም። አስቤ ነበር ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ በመጀመሪያው ወረቀትህ ነግረኸኝ ነበር። እና አስቤ ነበር ማለት ነው።

እዚህም ነገሩ ተሰምቷል። የሚቀኙ ሰዎች ከእኔ ጋር መቆም ትተዋል። ትናንት አንድ ጎረምሳ ቅኔ ሊያወጣ ሲል እኔን አየና ቅኔውን ትቶ ወጣ።

እባክህ እማማ እንዴት እንዳሉ አንዲት ቃል ላክልኝ። ታመው ከሆነ ሌሊቱንም ቢሆን ተነሥቼ እመጣለሁ። ቤቴ ሰፊ ነው፤ ቢቸና ይዘሃቸው ና። አንተ አልመጣም ካልህ እሳቸውን በበቅሎ ላምጣቸው። ስድብህን ጨምረህ ላከው፣ አነበዋለሁ። ብቻ መልስልኝ።

ወልደ ሰንበት

⁂

ሞጣ፣ የካቲት ፮ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ ቢቸና።

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበቱ?

እናቴ እንዴት እንዳለች ጠይቀውኝ ነበር። ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ቀን ዐርፋለች። አርባዋ ትናንት ወጣ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ወረቀትዎ በደረሰኝ ጊዜ በሕይወት ነበረች። በሳል ታፍና ነው እንጂ አእምሮዋ ደኅና ነበር። በዚያው ዕለት ብጽፍልዎ፣ እርስዎም እንዳሉት ቢነሡ፣ ይደርሱላት ነበር። ወረቀትዎን አንብቤ ትራሴ ሥር አስቀመጥሁት። ይህን የምነግርዎ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ማኅሌቱ ላይ ለምን እልል እንዳለች እኔም ጠይቄያት ነበር። ከቤት ስንወጣ፣ ዕቃ ተሸክሜ፣ በቁጣ ነው የጠየቅኋት። እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ አንተ ስትንተባተብ ከተወለድህ ጀምሮ ብቻህን ነው። ሰው ሁሉ ወይ ይስቅብሃል ወይ ፊቱን ያዞራል። ያን ቀን ግን ወልደ ሰንበት አብሮህ ተንተባተበ። ያ ሁሉ ድምፅ እያለው፣ ብቻህን እንዳታፍር ብሎ ራሱን አብሮ አዋረደ። ወንድም ማለት እሱ ነው። እንዴት እልል አልልም?» አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ለእርስዎ አዝኜ አይደለም የተውሁት። ፊቷን አይቼ ነው። እስክትሞት ድረስ እንደዚያው አምና ነው የሄደችው። ሰው በመጣ ቁጥር ታወራው ነበር። የሞጣ ልጆች በደጃችን ሲያልፉ እኔን «ሚሚ፣ ሚሚ» እያሉ ይጠሩኛል፤ እሷ ደግሞ ከውስጥ ሆና እርስዎን ትመርቅ ነበር። ሁለቱን ባንድ ላይ እየሰማሁ ነው የከረምሁት።

ጋቢው ተሠርቶ የመጣው ሕመሙ ሲጠናባት ነው። ጥሩ ጋቢ ነው። ጎረኖው እንደ ሰሙት ነው፤ በተለይ ታኅሣሥ ውስጥ ብርዱ አጥንት ይበላል። ስትንቀጠቀጥ አይቼ ላልብሳት ስል እጄን ያዘችኝ። «የወልደ ሰንበት ነው፤ ያገለገለ አልሰጠውም» አለች። ደግሜ ሞከርሁ፤ አለቀሰች። በግድ ላለብሳት እችል ነበር። አላለበስኋትም። የዚህችን ዕዳ ለሁለታችን ትቻለሁ።

ስትናዘዝ ፍትሐቷን እርስዎ እንዲያዜሙላት ጠይቃ ነበር። ልጄ ወልደ ሰንበት ካልመጣ አትቅበሩኝ ብላ ነበር። አልጠራሁዎትም። ገብረ ሕይወት መጥቶ አዜመላት። ድምፁ መልካም ነው።

በሊቃውንት ፊት ስሜን ጥራ ብለውኝ ነበር። ትናንት በተዝካሩ ላይ ካህናቱ ሁሉ ባሉበት አለቃው እናትህ ፍትሐቷን ማን እንዲያዜምላት ተናዝዛ ነበር ብለው ሲጠይቁኝ «መሪጌታ ወልደ ሰንበት» ብዬ መለስሁ። አልተያዝሁም።

ጋቢውን ለጓዴ ሰጥቼዋለሁ። በዚህ ሰሞን ቢቸናም ስለሚበርድ ይልበሱት።

አካለ ወልድ